ወፍጮና መጅ በውርጭ አገር

ሎን ማውንቴንን ተራራ ማለት የሰሜን ሰውን ያስቃል። ላስ ቬጋስ በሰሜን ምዕራብ በኩል በረሃውን እየበላች ስትሰፋ በቤቶች የከበበቻት፣ 215 ቀለበት መንገድ በአጠገቧ የሚያልፍ፣ ብቻዋን የቀረች የኖራ ድንጋይ ጉብታ ናት። መንዝ ውስጥ ብትሆን ስም የሚያወጣላት እንኳ አይገኝም ነበር። ይሁንና ፀሐይዋ ሳትበረታ በማለዳ አናቷ ላይ የወጣ ሰው ጥሩ የመልክዓ ምድር ትምህርት ያገኝባታል። በምሥራቅ ሸለቆው ተንጣሎ ይታያል፤ የካዚኖዎቹ ሕንጻዎች ከመሃሉ ብቅ ብለዋል። በምዕራብ የስፕሪንግ ተራሮች ሰንሰለት እንደ ግድግዳ ቆሟል። የሰንሰለቱ ቁንጮ ቻርልስተን 3,632 ሜትር ነው፤ ታች በሸለቆው ሰው ማቀዝቀዣ መክፈት በጀመረበት ወር እሱ ገና በረዶውን አልጣለም።

በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገርና ወደ ነገሩ ልግባ።

የላስ ቬጋስ መሃል ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ነው፤ መተማን የሚያውቅ ሰው የሙቀቱን ዓይነት ያውቀዋል። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ ስድስት ተኩል ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በሸለቆው 42 ዲግሪ በሆነበት ቀን የቻርልስተን አናት 22 አካባቢ ይሆናል፤ ሌሊቱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለን የምንከፍለው አገር እዚህም በአንድ የመኪና ጉዞ ውስጥ ይገኛል። ታች የበረሃ ቁጥቋጦ፤ ከፍ ሲል ፍሬው የሚበላ ፒንዮን የሚባል አጭር ፓይንና የእኛ ጥድ ዘመዶች፤ ከዚያ ረጃጅም ፓይኖች፤ ከሁሉም በላይ ዛፍ የሚያልቅበት፣ ነፋስ የሚገርፈው ሣርና ድንጋይ። የዚህ አገር ነባር ባለቤቶች፣ ደቡባዊ ፓይዩቶች ወይም ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም ኑዉቪዎች፣ ይህን መሰላል ከወቅቱ ጋር ይወጡትና ይወርዱት ነበር። ቻርልስተን ለእነሱ የፍጥረት መነሻ የሆነ ቅዱስ ስፍራ ነው። ምንጮቹ አጠገብ ይከርሙ፣ በየእርከኑ የደረሰውን ይሰበስቡ፣ አጋቬ የሚባለውን የቃጫ ዘመድ በጋለ ድንጋይ ጉድጓድ ቀብረው ያበስሉ ነበር። የእነዚያ ጉድጓዶች የተቃጠለ ድንጋይ ክምር እስከ ዛሬ በሬድ ሮክ ካንየን ይታያል።

እስከ መሰላሉ ጫፍ፣ እስከ ሣርና ድንጋዩ ድረስ ወጥቶ ቤት የሠራ ሰውስ ነበር? አርኪዮሎጂስቶች ለዚህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ የሰጡት መልስ አጭር ነበር፤ የለም። አዳኝ ወጥቶ ይሆናል፣ አድኖ ይወርዳል። እናት፣ ልጅ፣ አያት፣ ምድጃ እዚያ ምን ያደርጋሉ? በአንትሮፖሎጂ ትልቅ ስም ያለው ጁሊያን ስቱዋርድ በ1938 ባሳተመው ጥናት የኔቫዳና የአካባቢውን ሕዝቦች የዓመት ዑደት አንድ በአንድ ሲዘረዝር፣ የክረምት መንደሮቹ የሚታዩት ፒንዮን በሚበቅልበት እርከንና በውሃ ዳር ነው። ከዛፍ በላይ ያለው አገር በዚያ ሥዕል ውስጥ ባዶ ነበር።

ባዶነቱ በ1978 አበቃ።

ከሎን ማውንቴን ተነስቶ 95 ቁጥር አውራ ጎዳናን ይዞ ወደ ሰሜን ምዕራብ የነዳ ሰው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ ቶኖፓ የምትባል የድሮ የብር ማዕድን ከተማ ይደርሳል። ከእሷ ወደ ሰሜን የቶኪማ ሰንሰለት አለ፤ በስተግራው ቢግ ስሞኪ፣ በስተቀኙ ሞኒተር የሚባሉ ሁለት ሰፋፊ ደረቅ ሸለቆዎች ተዘርግተዋል። የሰንሰለቱ ከፍተኛ ቦታ ጄፈርሰን ይባላል፣ ከቻርልስተን ጋር ሲነጻጸር የሚበልጠው በጥቂት ሜትሮች ነው። ኒው ዮርክ ባለው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ዴቪድ ኸርስት ቶማስ በሞኒተር ሸለቆ ውስጥ ጌትክሊፍ የሚባል የዋሻ ጥላ ከ1970 ጀምሮ ሲቆፍር ቆይቷል። አሥር ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው፣ ንብርብሩ የጠራ፣ ሙያተኛ የሚመኘው ዓይነት ቁፋሮ ነበር። የሸለቆውን ታሪክ ካወቀ በኋላ ከላይ ያለውን ለማየት ሲወጣ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,350 ሜትር አካባቢ፣ በተራራው ደቡባዊ ጫፍ ሥር፣ በክብ በክብ የተደረደሩ ድንጋዮች አገኘ። ቢቆጠሩ ቢያንስ 31 ቤቶች ሆኑ። ቦታው አልታ ቶኪማ ተባለ።

3,350 ሜትር ማለት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የመንዝ ጓሳ ከፍታ ነው። ሣሩንና ነፋሱን አስቡት፤ ገብሱን፣ በጉንና የቤቱን ክዳን ግን አንሱት። የአልታ ቶኪማ ሰዎች ገበሬዎችም አርቢዎችም አልነበሩም። የሚበሉትን ሁሉ የሚለቅሙት፣ የሚቆፍሩት ወይም የሚያድኑት ነበር። ከዚህ ከፍታ በሚሳብ አንድ ትንፋሽ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፤ በረዶ ደግሞ በበጋውም ሊወርድ ይችላል።

የጎጆ ፍርስራሽ ምን እንደሚመስል የእኛ አገር ሰው ለማንበብ ብዙ አይቸግረውም። ክዳኑ ይበሰብሳል፣ ማገሩ ይነቀላል፣ የሚቀረው የግድግዳው መሠረት ክብ ነው፤ በሩ የነበረበት ቦታ ክፍት፣ መሃሉ ላይ የምድጃው ጥቁር አፈር። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረው የጊች መንደር ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረው መንደሩ ሲለቀቅ፣ የዚያ ዓይነት ፍርስራሽ ልደት በዘመናችን ተጀመረ ማለት ይቻላል። ከ3,000 ዓመት በኋላ የሚመጣ ቆፋሪ እዚያ ምን ያገኛል ብሎ ማሰብ ለዚህ ሙያ ጥሩ ልምምድ ነው። ጨርቅ አያገኝም፣ እንጨት አያገኝም፣ ዘፈን አያገኝም። ድንጋይ፣ አመድ፣ አጥንትና ሸክላ ያገኛል። አልታ ቶኪማም ላይ የተገኘው ይኸው ነው፤ ግን ከእነዚህ ሁሉ ነገሩን የለወጠው ወፍጮው ነበር።

አዳኝ ወፍጮ አይሸከምም። ቀስቱን፣ ቢላውን፣ ጥቂት ስንቁን ይዞ ሁለት ሦስት ቀን ያድራል፣ ሥጋውን ይዞ ይወርዳል። የትልቅ ድንጋይ ወፍጮና የእጅ መጅ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ሲገኙ ግን ሰዎቹ እዚያ የሚፈጭ ነገር ሰብስበው፣ ተቀምጠው፣ ጊዜ ወስደው፣ ምናልባትም ከርሞ ሊመለሱ አስበው ትተውት እንደ ሄዱ ያሳያል። በዚያ አገር በታወቀው የሾሾኒና የፓይዩት ሕዝቦች ኑሮ ዘርና ሥር መሰብሰብና መፍጨት በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነበር። ወፍጮው ካለ ሴቶቹ አሉ፤ እነሱ ካሉ ልጆቹም አሉ። 31ዱ ክቦች በአንድ ዘመን አብረው የቆሙ ባይሆኑም የቤተሰብ ቤቶች ነበሩ። በእኔ እይታ፣ ብዙ ሙዚየሞች ዛሬም ፊት ለፊት የሚደረድሩት የቀስት ጫፎችን መሆኑ ትንሽ ያሳዝናል። ለምን መንደር ሆነ የሚለውን የሚመልሰው ማንም ሳያነሳው ጥግ የሚቀመጠው ድንጋይ ነው።

የሚፈጨውስ ምን ነበር? እዚያ ከፍታ ላይ ሊምበር ፓይን የሚባል ዛፍ አለ፤ በነፋስ ጠምዛዛ፣ ቀርፋፋ፣ ግን ቅባት የበዛበት ፍሬ የሚሰጥ። በሣሩ ውስጥ ደግሞ ስታርች የሚያከማቹ ሥር ያላቸው ትናንሽ ተክሎች በብዛት ይገኛሉ። በረዶው ቀልጦ አጭሩ በጋ ሲገባ እነዚህ ሥሮች እጅግ ተጠጋግተው ይወጣሉ፤ አንድ ቤተሰብ በትንሽ መሬት ላይ ቆፍሮ ለቀናት የሚበቃውን ያገኛል። ሥጋውም ከሁለት ወገን ነበር። አንደኛው ባለ ትልቅ ቀንድ የተራራ በግ ነው፤ እሱን ለማደን ከመንደሮቹ በፊትም ሰው እዚያ ይወጣ ነበር፣ አድፍጠው የሚጠብቁበት የድንጋይ ካብ እስከ ዛሬ አለ። ሁለተኛው ማርሞት ነው፤ ጉድጓድ የሚቆፍር፣ ለክረምቱ እንቅልፍ ስቡን በበጋ የሚያጠራቅም ወፍራም እንስሳ። በካሊፎርኒያና በኔቫዳ ድንበር ላይ ባሉት የኋይት ተራሮች ከፍተኛ መንደሮች የተገኘውን አጥንት የመረመረው ዶናልድ ግሬይሰን የማርሞቱ ድርሻ ቀላል እንዳልነበረ አሳይቷል። ማርሞት የሚያድን ሰው ጀግና አይባል ይሆናል፤ ግን ቤቱ በየቀኑ ይበላል።

ስንት ዓመቱ ነው የሚለውን ማወቅ ከሚመስለው ይከብዳል። የምድጃ ከሰል በካርቦን 14 ይለካል፤ ያ የታወቀ ነው። ችግሩ ካርቦኑ የሚቆጥረው እሳቱ ከነደደበት ቀን ጀምሮ ሳይሆን እንጨቱ ካደገበት ጊዜ ጀምሮ መሆኑ ነው። በአዲስ አበባ ገበያ የሚሸጥ ከሰል ከሆነ ልዩነቱ ትርጉም የለውም። በእነዚህ ተራሮች ግን እንጨት በቅዝቃዜና በድርቀት ሳይበሰብስ ለብዙ መቶ፣ አንዳንዴም ለሺህ ዓመታት መሬት ላይ ይቆያል። በኋይት ተራሮች የሚገኘው ብሪስልኮን ፓይን በሕይወት ሳለ እንኳ ከ4,000 ዓመት በላይ ይኖራል። አንዲት ሴት ከ1,000 ዓመት በፊት የሞተ ዛፍ ለቅማ እራት አብስላበት ከሆነ፣ ቤተ ሙከራው ቤቷን በ1,000 ዓመት ያስረጀዋል። ስለዚህ አንድ ናሙና ማንንም አያሳምንም፤ ከብዙ ምድጃ፣ ከተቻለም ዕድሜያቸው አጭር ከሆነ ቅርንጫፍና ዘር ብዙ ልኬት መውሰድ ያስፈልጋል።

ሌላው መንገድ የቀስት ጫፉ መጠን ነው። ቀስት በዚያ አገር ከመስፋፋቱ በፊት ሰዎች ጦርን በእንጨት መወርወሪያ ያስፈነጥሩ ነበር፤ ለዚያ የሚሆነው የድንጋይ ጫፍ ትልቅና ከባድ ነው። ቀስት ከ500 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ ሲመጣ ጫፎቹ አነሱ፤ ከ1300 ገደማ በኋላ ደግሞ ጎንና ጎኑ የተቆረጠ ትንሽ ዓይነት ተለመደ። በአንድ ጎጆ ወለል ላይ የትኛው እንደ ወደቀ ማየት ቢያንስ የዘመኑን ቅደም ተከተል ያሳያል። ሦስተኛው መንገድ ይበልጥ ያስገርማል። ሊከን የሚባለው፣ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚኖረው ነገር፣ በጣም በዝግታ ይሰፋል። ድንጋዩ ተገልብጦ ለግድግዳ ሲቀመጥ አዲሱ ፊት ባዶ ሆኖ ይጀምራል፣ ሊከኑም ከዚያ ቀን አንስቶ ይሰፋበታል። በኋይት ተራሮች መንደሮች ላይ ሮበርት ቤቲንገር ይህን ሞክሮ በ1985 አሳትሟል። ፍርስራሽ አጠገብ ለፎቶ ብሎ ድንጋይ የሚገለብጥ ጎብኚ ምን እንደሚያጠፋ ከዚህ መገመት ይቻላል። በአሜሪካ የፌዴራል መሬት ላይ ከሆነ ደግሞ በ1979 የወጣው የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ ያስከስሰዋል።

ወደ ትልቁ ክርክር እንምጣ። ሰዎች ለምን ወጡ?

የቤቲንገር መልስ ስለ ሕዝብ ብዛትና ስለ ሥራ ነው። እሱና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ በኋይት ተራሮች ከ3,100 እስከ 3,850 ሜትር ባለው ከፍታ ከአሥር በላይ የመንደር ቦታዎች አጠኑ። ቀድሞ አዳኞች ብቻ በሚጎበኙት አገር፣ ከ600 ዓ.ም. በኋላ ቤት፣ ወፍጮና የተሟላ የቤት ዕቃ ብቅ ይላል። ቤቲንገር እንደሚለው ታች በሸለቆው ሰው ሲበዛ ቀላሉ ምግብ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚያሸንፈው ብዙ ድካም ለሚጠይቅ፣ ግን ብዙ ለሆነ ምግብ ራሱን ያዘጋጀ ኅብረተሰብ ነው፤ ጥቃቅን ዘር የሚፈለፍል፣ ሥር የሚቆፍር፣ ማርሞት የሚያሳድድ። ይህን ከኑሚክ ቋንቋ ተናጋሪዎች፣ ከዛሬዎቹ ፓይዩቶችና ሾሾኒዎች አባቶች መስፋፋት ጋር ያያይዘዋል። ኑሚክ ተናጋሪዎች ባለፉት 1,000 ዓመታት ገደማ ከደቡብ ምሥራቅ ካሊፎርኒያ ጥግ ተነሥተው ግሬት ቤዚን የሚባለውን፣ ኔቫዳን የያዘውን ሰፊ ተፋሰስ በሙሉ ሸፈኑ የሚለውን ሐሳብ የቋንቋ ሊቁ ሲድኒ ላም በ1958 አቅርቦት ነበር። ሐሳቡን የሚቀበሉ አሉ፣ የማይቀበሉም አሉ፤ ከማይቀበሉት መካከል ብዙዎቹ እዚያው የተወለዱ፣ ከጥንትም እዚሁ ነበርን የሚሉ የነገዶቹ ልጆች ናቸው።

ቶማስ ክብደቱን የሚሰጠው ለአየር ጠባይ ነው። በ2020 ባወጣው ሰፊ ጥናት እንዳስቀመጠው፣ ወደ አልታ ቶኪማ ቤተሰቦች መውጣት የጀመሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት 1500 ገደማ ነው፤ ከዚያም እያቋረጡ አውሮፓውያን እስኪመጡ ድረስ ዘለቁ። ያቋረጡትና የተመለሱት በዘፈቀደ አልነበረም። ታች ያለው አገር ሲደርቅ፣ ምንጮች ሲሳሱና ፒንዮኑ ፍሬ ሲነሳ፣ በረዶ የሚያጠራቅመው አናት ይሻላል። ዝናቡ ሲመለስ ደግሞ ያን ሁሉ ዳገት መውጣት አያዋጣም። ሎን ማውንቴን ላይ ቆሞ አንዴ ሸለቆውን፣ አንዴ የተራራውን በረዶ ላየ ሰው ይህ ሐሳብ ሩቅ አይሆንበትም። ላስ ቬጋስን ከተማ ያደረጋት ምንጭ በ1962 መፍሰሱን አቁሟል፤ ከተማዋ አሁን በአብዛኛው የምትጠጣው ሌሎች ተራሮች ላይ የቀለጠ በረዶ በኮሎራዶ ወንዝ ወርዶ ሚድ ሐይቅ ሲደርስ ነው።

እኔ ለአንዱ ወገን ብቻ ለመፍረድ አልቸኩልም። የአልታ ቶኪማ ዕድሜ ለቤቲንገር ሐሳብ እንቅፋት ነው፤ ከቀስትም ከኑሚክ መስፋፋትም ከ1,500 ዓመት በላይ ስለሚቀድም። የኋይት ተራሮች መንደሮች ደግሞ ዘግይተውና ተከታትለው መምጣታቸው በድርቅ ብቻ ለመተርጎም ያስቸግራል። ሁለት ሰንሰለቶች፣ ሁለት ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል። ሊቃውንት ግን አንድ ምክንያት ይወዳሉ፣ በተለይ የራሳቸው ከሆነ።

ከኔቫዳ ወጥተን ወደ ባሌ እንሻገር፤ ጉዳዩ እዚያ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ይጠልቃል። በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ጌትስ ኦሰንዶርፍና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አሳተሙ፤ ከጸሐፊዎቹ መካከል አጋዚ ነጋሽ፣ አለምሰገድ ቤልዳዶስ፣ ሰብስቤ ደምሰውና ሌሎች ኢትዮጵያውያን ምሁራን ነበሩ። ቦታው በባሌ ተራሮች የሚገኘው ፊንጫ ሀበራ ነው፤ 3,469 ሜትር፣ ከአልታ ቶኪማ ከመቶ ሜትር በላይ ይበልጣል። ሰዎች እዚያ ተደጋግመው የኖሩት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ነበር። ጥናቱ በወጣበት ጊዜ በዓለም ላይ በዚህ ከፍታ የሰው መኖሪያ መሆኑ የተረጋገጠ ቦታ ከዚህ የቀደመ አልነበረም።

ፊንጫ ሀበራ ላይ ጎጆ የለም። ዓለቱ ራሱ ጣሪያና ግድግዳ ነው፤ ሰው የጨመረው እሳቱን ነው። በአመዱ ንብርብር ውስጥ የተገኘው የተቃጠለ አጥንት በአብዛኛው የግዙፉ ፍልፈል ነው፤ በዓለም ላይ ከባሌ በቀር የትም የማይገኝ፣ ዛሬም የቀይ ቀበሮው ዋና ቀለብ የሆነ እንስሳ። ይህ ፍልፈል በብዛት ይገኛል፣ ያለ ብዙ መሣሪያ ይያዛል፣ ተጠብሶ ይበላል። የኔቫዳው ማርሞትና የባሌው ፍልፈል የሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ ትልልቆቹ እንስሳት በማይታመኑበት ብርድ አገር በየቀኑ የሚገኝ ሥጋ መሆን። የሰው ዓይነ ምድር ሳይቀር ደርቆ ተገኝቷል፤ ሰዎቹ ለአንድ ሌሊት ያረፉ መንገደኞች አለመሆናቸውን ከሚያሳዩት አንዱ እሱ ነው።

በዚያ ዘመን የባሌ አናት በበረዶ ግግር የተሸፈነበት ወቅት ነበረ። ይህ መጀመሪያ ሲሰሙት ሰውን የሚያባርር ይመስላል፤ ነገር ግን ከግግሩ የሚቀልጠው ውሃ ለነዋሪዎቹ የማይደርቅ ምንጭ ሆኖላቸዋል። ታችኛው አገር በሚደርቅበት ዘመን ውሃው ከላይ ነበር፤ የቶማስ ክርክር በሌላ አህጉር፣ በሌላ ዘመን። ሌላው የሳባቸው ባልጩት ነው። መሣሪያ የሠሩበት ጥቁር ባልጩት የተገኘው ከ4,200 ሜትር በላይ ከሚገኝ፣ ከበረዶው ነጻ ከነበረ ሸንተረር ላይ ነው። ከመኖሪያቸው 700 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥተው ድንጋይ ያመጡ ነበር። የዛሬ ጎብኚ በመኪና ሳነቲ አምባ ደርሶ አስታውንና ጅብራውን ፎቶ እያነሳ ራሱን ሲያዞረው፣ ከ40,000 ዓመት በፊት በእግሩ የወጣውን ሰው ቢያስብ ደግ ነው።

ራስ ማዞሩ ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን ደም መርምረው ነበር። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች የኦክስጅኑን እጥረት ደማቸውን በሄሞግሎቢን በማወፈር ይቋቋማሉ። የአምባራሶቹ ደም ግን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ደም ብዙም አይለይም፤ የተሸከመው ኦክስጅንም አልጎደለም። ሰውነት ለአንድ ችግር በተለያየ አህጉር የተለያየ መልስ እንዳገኘ ከዚህ ታወቀ። ይህ ግን ደጋ ላይ ተወልዶ፣ ደጋ ላይ ዘር ቆጥሮ የኖረ ሕዝብ ታሪክ ነው። የአልታ ቶኪማ ሰዎች በጋ ወጥተው በረዶ ሲመጣ የሚወርዱ ስለነበሩ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ራስ ምታትና ድካም በየዓመቱ እንደ አዲስ ሳይከፍሉ አይቀሩም።

በዓለም ላይ ከፍ ባለ ነፋሻ አገር ስለ ተጣሉ ክብ ጎጆዎች ሲወራ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠራው የእንግሊዙ ዳርትሙር ነው። ግሪምስፓውንድ የሚባለው መንደር በድንጋይ አጥር የታጠረ፣ 24 ክብ ቤቶች ያሉበት፣ ከ3,000 ዓመት በላይ የቆየ የከብት አርቢዎች ሰፈር ነው፤ በ1894 ተቆፍሯል፣ አንዳንዶቹ ቤቶችም ተጠግነዋል። ከፍታው ግን 450 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከላስ ቬጋስ መሃል እንኳ ያንሳል። አፈሩ አሲዳማ ስለሆነም አጥንት በልቶ ጨርሶታል፤ ሰዎቹ ምን እንደበሉ ለማወቅ ኔቫዳ ወይም ባሌ ላይ የሚገኘው ዓይነት ማስረጃ እዚያ የለም። ዝነኛነትና ማስረጃ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ከዝነኞቹ ይልቅ ለእኔ ቀጣዩ ቁምነገር ያለው ዋዮሚንግ ነው። በዊንድ ሪቨር ተራሮች በ2006 የተገኘው፣ ሃይ ራይዝ የሚባለው መንደር ከ50 በላይ የቤት ወለሎች አሉት፤ ቁልቁለቱን እየቆረጡ ደልድለው የሠሯቸው ናቸው። ዙሪያውን ነጭ ቅርፊት ያለው፣ ፍሬው በቅባት የበለጸገ ፓይን በቅሎበታል። ማቲው ስተርን የሚባል ተመራማሪ ይህን ዝምድና ይዞ፣ ዛፉ፣ የቁልቁለቱ ልክና የፀሐዩ አቅጣጫ የሚገጥሙባቸውን ቦታዎች በኮምፒውተር ካርታ ላይ አወጣ፤ ከዚያ በእግሩ ሄዶ ሲያይ ቀድሞ ያልታወቁ መንደሮች አገኘ። ቶማስ አልታ ቶኪማን ሲያገኝ ተራራ በመውጣት ነበር፤ ስተርን ግን የጥንቱ ሰው ምን ይበላ እንደነበር ካወቀ በኋላ የት ይኖር እንደነበር ገመተ። በነገራችን ላይ ያ ዛፍ ዛሬ በፈንገስ በሽታና በጢንዚዛ እያለቀ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት በ2022 ለአደጋ ከተጋለጡ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ዛፉ ቆሞ ሳለ ካርታውን መሥራት ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ይኸው ዘዴ ወደ ኢትዮጵያ ቢመጣ ባሌ ላይ ዝርዝሩ ግማሹ ተጽፏል፤ የዓለት ጥላ፣ የማይደርቅ ውሃ፣ የፍልፈል መሬት፣ ባልጩት በአንድ ቀን መንገድ። ሰሜን ተራሮች ላይ ግን ግዙፉ ፍልፈል የለም፤ ስለዚህ የባሌውን ዝርዝር እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም። እዚያ ያለው ትልቁ ሥጋ ዋልያ ነው፤ ገደል ለገደል የሚሄድ፣ በታወቁ ጠባብ መተላለፊያዎች የሚያልፍ እንስሳ። ኔቫዳ ላይ የበጉን መተላለፊያ የጠበቁ ሰዎች የድንጋይ ካብ ትተዋል፣ ከካቡም ብዙ ሳይርቁ ሌሎች በኋላ ቤት ሠርተዋል። በሰሜን የጥንቱን ሰው የሚፈልግ አርኪዮሎጂስት እኔን ቢጠይቀኝ፣ ከዋልያው መንገድ ጀምር፣ ከዚያ ወፍጮ ፈልግ እለዋለሁ።